ያልነካሁት ገብስ

ስኬብረስ የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል አለ። አጠራሩን እንኳ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቀውም፤ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅምና። ሻካራ ማለት ነው። በደህና ቀን ሁለት ደቂቃ ወስጄ ትርጉሙን ብፈልገው ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አልፈለግኩትም። በመጨረሻ የተዋወቅነው በበሬ አፍ ውስጥ ነው፣ እጄ እስከ አንጓዬ ምራቅና መግል ውስጥ ገብቶ።

እኔ ደግሞ ተጸያፊ ሰው ነኝ። ልናገረውና ይውጣልኝ። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አልጠጣም፤ የባጃጅ ብረት በሶፍት ካልሆነ አልይዝም፤ ላም ስትታለብ አጠገቧ ከቆምኩ ያን ቀን ወተት በአፌ አይዞርም። እናቴ "አንቺን የሚያገባ ሰው በበረኪና ታጥቦ ይምጣ" ትለኝ ነበር። እግዜር ሲቀልድብኝ ታዲያ እንዲህ ያለችውን ፍጡር እርሻ አስተምሮ ከደብረ ማርቆስ አሰላ ላካት። ጭቃ፣ እበት፣ የቆየ ቅቤ ጠረን፣ ዝናብ የመታው የበግ ፀጉር! መጥቼ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ አልጋ ሳይሆን አንድ ካርቶን የላስቲክ ጓንት ነው። የቤት አከራዬ ሐኪም መስያቸው ወገባቸውን አሳዩኝ።

የምሠራው ለገበሬ ምርጥ ዘር በሚያድል መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ ይቅር። አዲስ ዘር ሲመጣ አብሮት በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ይመጣል፤ ዘሩ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ቁመቱ፣ የሚችለው በሽታ፣ ፍሬው፣ ገለባው ተዘርዝሮ። እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ከእኔ አማርኛ ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል። ከዚያ ተባዝቶ ለገበሬው ይታደላል።

እመልሰዋለሁ አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ከተናገርን እኛ ቤት ከባዶ የሚጽፍ ሰው የለም። የአምናው ፋይል ይከፈታል፣ የዘሩ ስም ይቀየራል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል፣ ሁለት ሦስት ቁጥር ይነካካል፣ አለቀ። ዕቅዱም እንደዚያው ነው፣ ሪፖርቱም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ጡረታ ከወጡ የቆዩ ሰውዬ የዓመቱ ሪፖርታችን ላይ "በሥልጠናው መክፈቻ ንግግር አድርገዋል" ተብለው ተጽፈው አገኘሁና በሳቅ ፈረስኩ። ከእኔ ሌላ ያየው የለም። ስቄ ስቄ ሳበቃ የራሴንም ወረቀት በዚያው መንገድ ጻፍኩ።

ያን ዓመት የመጣው የገብስ ዘር ነበር። ወረቀቱ ላይ ስለ ጢሙ የሚናገር አንድ ረድፍ አለ። ጢም የምለው ከገብሱ ዛላ ጫፍ ላይ የሚወጣውን ረጅም ሹል ፀጉር ነው። ከፊት ለፊቱ አንዲት ቃል ብቻ፦ ስኬብረስ። አየኋት። አላውቃትም። ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው "ይቺ ምን ማለት ናት?" ብዬ መጠየቅ ሞቴ ነው፤ ወረቀቱ ለእኔ የሚሰጠው እንግሊዝኛ ታውቃለች ተብሎ ነዋ! የአምናውን ከፈትኩ። የአምናው ዘር ጢሙ ለስላሳ ስለነበር "ጢሙ ለስላሳ ነው፤ ገለባው ከነጢሙ ለከብት ይሰጣል" ይላል። ገብስ ያው ገብስ ነው አልኩና እንዳለ ተውኩት። ስልኬ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበረች። በዚያች ስልክ ያን ቀን የሰው ሠርግ ፎቶ ሳይ ነው የዋልኩት።

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ከፍታ ላይ፣ የምከታተላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ለእኔ ሲሉ አማርኛ ያወራሉ፤ ሲቸኩሉ ኦሮምኛው ያመልጣቸዋል። ልጆቻቸው ተበታትነው እሳቸውና ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ያላቸው አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ ከጎረቤታቸው በሬ ጋር ያቀናጁታል። ሁለት ቀን የእሳቸው ማሳ ይታረሳል፣ ሁለት ቀን የጎረቤታቸው። ያ በሬ ካለ አባወራ ናቸው። ከሌለ ጎረቤቱም ሌላ ተቀናጅ ይፈልጋል፣ እሳቸውም መሬታቸውን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጥተው ከደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሌላው ሲያርሰው ማየት ነው።

ገብሱ ተወቅቶ ሲነሳ ለማየት ሄድኩ። በዚያ አገር ጢሙ ሻካራ የሆነ ገብስ ሲወቃ፣ ገበሬው ጢሙን ከገለባው ለይቶ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ለቤት ጭቃ ማቡኪያ ይሆናል እንጂ ለከብት አይሰጥም። ይህን የሚነግረው ወረቀት አያስፈልገውም። እሳቸውም መንሻቸውን ይዘው ሊለዩ ሲሉ ደረስኩ። ከክምሩ እፍኝ ሙሉ ዘገኑና ወደ እኔ ዘረጉ።

"ኢንተላ ኮ፣ እስቲ ንኪው። ይሄ ይቧጥጣል። የአምናው እንዲህ አልነበረም።"

እጄ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። ጓንቴን ረስቼ መጥቻለሁ። መዳፋቸው ላይ ላብ አለ፣ ከላቡ ጋር በሬዎቹ አውድማው ላይ የጣሉት እበት ደርቆ አለ። አየሁት። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

"አባባ፣ ወረቀቱ ለስላሳ ነው ይላል" አልኩ።

"ወረቀቱ?"

"አዎ። ከነጢሙ ይስጡት፣ ምንም አይሆንም። እኔው ነኝ የጻፍኩት።"

በጣቶቻቸው መሃል አሹት። እንደገና አሹት። ከዚያ "እንግዲህ እናንተ ተምራችኋል" አሉና መንሻቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉት። ሚስታቸውን በኦሮምኛ ተጣርተው እንዳለ ይከመር አሏቸው። እኔ ደግሞ ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ኮራ ብዬ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።

የካቲት ላይ ስልክ ተደወለ። በሬው አልበላም ብሏል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ ግዙፍ ሰውዬ እኛ ቅጥር ግቢ ይሠራ ነበርና እሱን ይዤ ወጣሁ። በሬው በረቱ በር ላይ አንገቱን ዘርግቶ ቆሟል። የግራ መንጋጋው አብጧል፣ ምላሱ ደርቆ ከአፉ ወጥቷል፣ ልጋጉ ወፍራም ገመድ ሆኖ መሬት ድረስ ይወርዳል። ሽታው! ውይ ሽታው! የሞተ ነገር ሽታ ሕይወት ካለው እንስሳ ሲወጣ ነው የከፋው። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠቅልዬ ከበረቱ ራቅ አልኩ።

ባለሙያው አፉን በእንጨት ከፍቶ በስልኩ መብራት አየ። የገብሱ ጢም ከምላሱ ሥርና ከጉንጩ ውስጥ ተሰግስጎ፣ ሥጋው ውስጥ ገብቶ፣ መግል ቋጥሯል። መለቀም አለበት። የራሱን እጅ ሞከረ፣ አልገባም። ቀና ብሎ የእኔን እጅ አየ። አባባም አዩኝ።

"ኧረ በሕግ!" አልኩ።

"የአንቺ ቀጭን ነው፣ ይገባል" አለ።

"ጓንት አለኝ።"

"በጓንት አይለይልሽም። ፀጉር ነው የምትለቅሚው። አውልቂው።"

አወለቅኩት። ለምን እንዳወለቅኩት ዛሬም አልገባኝም፤ ደግነት ግን አልነበረም። አባባ የበሬውን አንገት አቅፈው በጆሮው አንድ ነገር ያንሾካሹኩለት ነበር፣ ያ ሳይሆን አይቀርም። እጄን አስገባሁ። ትኩስ ነው። የምላሱ ጀርባ ራሱ ሞረድ ነው፤ ሥሩ ግን እንጨት ሆኗል። ጣቴ ከአንዱ እብጠት ጫፍ ሲደርስ ፈነዳና ትኩስ ነገር በአይበሉባዬ ላይ ፈሰሰ። አጥሩ ሥር ሮጬ ቁርሴን መለስኩ። አፌን በውሃ ተጉመጥምጬ ተመልሼ እጄን አስገባሁ። እንደገና ሮጥኩ። የሚወጣ ነገር ሲያልቅብኝ ተረጋጋሁ።

ከለቀምኩት አንዷን ፀጉር ብርሃን ላይ አየኋት። በጣቶቼ መሃል ጎተትኳት። ወደ አንዱ አቅጣጫ ተንሸራታ ትሄዳለች፤ ወደ ሌላው ስትጎትቷት ትነክሳለች። ዳር ዳሯን ዓይን የማያያቸው ጥርሶች አሏት። ሥጋ ውስጥ ከገባች በሬው ባኘከ ቁጥር ወደ ውስጥ ነው የምትጓዘው። እነዚያን ጥርሶች ለማወቅ አንድ ጣት ነበር የሚበቃኝ። አውድማው ላይ እኮ እፍኝ ሙሉ ቀርቦልኝ ነበር።

ባለሙያው ቁስሉን በአዮዲን እያጠበ "ይሄ ጢሙ ሻካራ ገብስ ነው። ከነጢሙ ስጡ ያለው ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

አባባ ቀና ሳይሉ "እኛው ነን" አሉ።

ዝም አልኩ። እጄን በሳሙና አጠብኩ፣ አሸተትኩ፣ እንደገና አጠብኩ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የእንግሊዝኛውን ወረቀት ከመዝገቡ አወጣሁና ቃሏን ስልኬ ላይ ጻፍኳት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስኬብረስ፦ ሲነኩት የሚሻክር፤ ገጹ በጥቃቅን ሹል ነገር የተሸፈነ፤ ለቅጠል፣ ለቅርፊት፣ ለእህል ጢም ይነገራል። ለእህል ጢም! አፈር በበላሁ። ስልኩን መዝጋት ሲገባኝ ራሴን የምቀጣ ይመስል ማንበቤን ቀጠልኩ። ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው። እዚያ ሥሩ መፋቅ፣ መቧጠጥ፣ ማከክ ነው። ከዚያው ከማከክ የእከክ በሽታ የእንግሊዝኛ ስም ወጥቷል፤ እህትማማቾች ናቸው። ከዚያ ቃሉ ከቆዳ ላይ ወርዶ ሰው ነገር ውስጥ ገባ። ለመያዝ የሚያስቸግር፣ የነካው ሁሉ የሚቧጠጥበት ጉዳይ እንዲህ ተባለ። በመጨረሻም ለነውር ተሰጠ፤ ጸያፍ ወሬ፣ አሳፋሪ ሥራ፣ ጆሮ የሚያቆሽሽ ታሪክ ሁሉ ስኬብረስ ይባላል።

መጀመሪያ ገረመኝ። እኛም ሻካራን ለእጅ እንላለን፣ ለድምፅ እንላለን፣ ሁለት ሰዎች ሲቀያየሙ ግንኙነታቸው ሻከረ እንላለን፤ ብልግና ድረስ ግን አልወሰድነውም። ሻካራ ነገር ምን በወጣው ጸያፍ የሚባለው? ቆይቼ ሳስበው ግን መንገዱ ገባኝ፤ የሄድኩበት መንገድ ነውና። ቆዳው የሻከረ ሰው ይታከካል። የሚታከከውን ሰው ሌላው ይሸሸዋል። ሲሸሹት ቆይተው ነውረኛ ይሉታል፣ የሸሸው ግን ንጹሕ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ነው የተቀመጥኩት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ። የአባባ መዳፍ ሻካራና ቆሻሻ ነበር፤ እውነቱን የያዘው ግን እሱ ነበር። ንጹሑ የእኔ ወረቀት ነው፣ በጥሩ ፊደል የተተየበ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ውሸታም።

ለባልደረባዬ ነገርኩት። ከእኔ አማርኛ ወደ ኦሮምኛ የመለሰው እሱ ነው፤ ቢያንስ ይደነግጣል ብዬ ነበር። ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ "ተይው ባክሽ፣ ማን ያነበዋል?" አለኝ። ኤዲያ! ከበሬው መግል ይልቅ ያ አነጋገሩ አቅለሸለሸኝ። የበለጠ ያቅለሸለሸኝ ደግሞ ትክክል መሆኑ ነው። ያን ዘር የወሰዱትን ሌሎች ገበሬዎች አንድ በአንድ እየደወልኩ ጠየቅኩ። ሁሉም ጢሙን ለይተው ጥለውታል። አንዱማ "የምን ወረቀት? እሱን ልጆቹ ደብተር ለበዱበት" ብሎ ሳቀብኝ። ወረቀቱን ያመኑ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ያመኑት ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነው።

ከሳምንት በኋላ ስንመለስ በሬው ቆዳና አጥንት ሆኗል። ሌላው የመንጋጋው ጎን አብጦ ትንፋሹ ያፏጫል። የሚወጋው መድኃኒት ፈልገን አጥተናል። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። ሙስሊሞች ናቸውና በራሱ ከሞተ ሥጋው ለእነሱ አይበላም፤ ነፍሱ እያለች መታረድ አለበት፣ ዛሬውኑ። ሚስታቸው ጎረቤት ሊጠሩ ወጡ። አባባ አጥሩ ጋ ብቻቸውን ቆመው ማሳቸውን ያያሉ። ጥቂት ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለማረስ ለስልሷል።

ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

"አባባ፣ በሬውን እኔ ነኝ የገደልኩት። የእንግሊዝኛው ወረቀት ሻካራ ነው ይል ነበር። ቃሉን አላወቅኩትም። ሳልጠይቅ የአምናውን ገለበጥኩ። እርስዎ ንኪው ሲሉኝ ደግሞ... እጅዎ አስጠልቶኝ ነው ያልነካሁት።"

ይህን የመጨረሻውን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። መውጣት ነበረበት። ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲረግሙኝ ፈልጌ ነበር፣ ተረግሜ እንድገላገል። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

"አየሽ፣ ይሄ እጅ አውቆት ነበር" አሉ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ገብስ ስይዝ ነው የኖርኩት። አውቆት ነበር። እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት።"

"ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፣ አሁን ሲመጡ..."

ክንዴን ያዙኝ፣ ጠበቅ አድርገው።

"አትነግሪያቸውም! አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ሽማግሌው ወረቀት አምኖ በሬውን በጢም ገደለ ይበሉኝ? ልጅ አዋቂው በየገበያው ይሳቅብኝ? በሬው ይበቃል። ክብሬን ደግሞ አትውሰጂብኝ።"

እሺ አልኩ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። በሬው ሲጣል አልተንፈራገጠም፣ አቅም አልነበረውም። ታረደ፣ ተገፈፈ፣ ጭንቅላቱ ለብቻው ጉድጓድ ተቆፍሮለት ተቀበረ፣ ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ተመደበ። ክርስቲያን በመሆኔ ሥጋቸውን እንደማልበላ ያውቃሉና ሚስታቸው በዚያ ሐዘን መሃል ለእኔ ለብቻዬ ጩኮ አሽተው አመጡልኝ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ። ቅቤው ቆይቷል፣ ይሸታል። በእጄ በላሁት። እስኪያልቅ በላሁት።

በሬያቸውን ከአባባ በሬ ጋር የሚያቀናጁት ጎረቤት መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ኦሮምኛዬ ጥቂት ቢሆንም ገባኝ። ከወንዝ ማዶ ካለ ሰው ጋር ለማቀናጀት ተነጋግረዋል፤ እርሻው አይጠብቅም፤ እንዳይቀየሟቸው። አባባ "እሺ፣ እሺ" አሉ። ከዚያ ሰውዬው "ግን ምን ነካው?" ብለው ጠየቁ።

"በሽታ ነው" አሉ አባባ። "የረቢ ሥራ ነው።" የፈጣሪ ማለታቸው ነው።

ወደ እኔ አላዩም። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አፌ ሞልቷል፣ ማውጣት አልችልም።

ሰዎቹ ግን እኔን ያዩ ጀመር። ባለሙያው ያን ቀን በባዶ እጄ የሠራሁትን እየነገራቸው ነበር፤ እያስታወከች እየተመለሰች እጇን አፉ ውስጥ ከተተች፣ ከገዛ ልጁም የማይገኝ ነው እያለ። ራስ ነቀነቁ፣ ከንፈር መጠጡ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ተነስተው መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። እጃቸው ሻካራ ነው፣ የእርዱ ደም አለበት። አልተጸየፍኩትም። የተጸየፍኩት በመሃላቸው የተያዘውን የራሴን እጅ ነበር።

"ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ" አሉኝ። ፈጣሪ ይስጥሽ። ይቺን እጅ ይባርክልሽ።

ሁሉም በአንድ ድምፅ አሜን አሉ። አባባም አሜን አሉ። ሰውዬው እጄን ሳይለቁ የእኔን ይጠብቃሉ።

አሜን አልኩ።